ጎፈር የደፋ ፈረሰኛ፦ በ28 ሚሊሜትር ሰው ላይ የአንበሳ ጋማ፣ ጠይም ፊትና ነጭ ሸማ

ባለብሩሽ (ኖቲንግሃም)፣ ቅዳሜ ማታ 3:10

ሰላም፣ እንደምን ከረማችሁ። ከጥቅምት ጀምሮ ስሠራቸው የነበሩት አምስቱ ፈረሰኞች፣ ቁመታቸው 28 ሚሊሜትር ያህል የሆነ የጨዋታ ምስሎች፣ ከአንዱ በቀር አልቀዋል። ፎቶዎቹን ከታች አያይዣለሁ። የቀረው አለቃቸው ነው። እሱን ከመጨረሴ በፊት የእናንተን ዓይን ፈልጌያለሁና ያደረግሁትን ሁሉ ልጻፍ፣ የሳትኩትን ንገሩኝ።

መነሻዬ የዋርሃመር (በትንንሽ ምስሎች ጠረጴዛ ላይ የሚካሄድ የጦርነት ጨዋታ) የኢምፓየር ፒስቶሊየር፣ ማለትም የባለ ሽጉጥ ፈረሰኞች ሳጥን ነው፤ አምስት ፈረሰኛ አለው። የመረጥኩት ፈረሶቹ ጥሩርም የጨርቅ ልብስም ስለሌላቸው ነው። ብረት በለበሰ ፈረስ ላይ ሸማ የለበሰ ሰው ቢቀመጥ አይዋደድም። ሰዎቹ ግን የተነፋ እጅጌ፣ የብረት ደረት፣ ላባ የተሰካበት ቆብና እስከ ጉልበት የሚደርስ ቦት ጫማ አላቸው። ቆባቸውን ከራሳቸው ላይ ቆረጥኩ፣ ደረታቸውን ሞርጄ አለሰለስኩ።

እግሩ ላይ ብዙ ቆየሁ። የአገራችን የድሮ ፈረሰኛ እርካቡን የሚይዘው በአውራ ጣቱ ነው፤ እርካቡ ትንሽ ቀለበት ነች፣ እግሩም ባዶ ነው። ቦቱን ከቁርጭምጭሚቱ ላይ ቆርጬ፣ በ1 ሚሊሜትር መሰርሰሪያ በስቼ፣ የአግራፍ ሽቦ ከተትኩበትና ባዶ እግሩን በግሪን ስታፍ (ሁለት ክፍሉ ታሽቶ የሚጠነክር የመቅረጫ ሊጥ) ቀረጽኩ። እርካቧን የሠራሁት ከተበላሸ የጆሮ ማዳመጫ ገመድ ውስጥ የወጣችውን ቀጭን የመዳብ ሽቦ በስፌት መርፌ ላይ ጠምጥሜ ነው። ከሩቅ የሚያይ ሰው አያስተውላትም። እኔ ግን ፈረሰኛው የእኛ መስሎ የታየኝ ያቺ ቀለበት ከገባች በኋላ ነው።

ጎፈሩ ሁለት ወር ወስዷል። መጀመሪያ ሰው ሠራሽ ፀጉር ቆርጬ በሱፐር ግሉ ለጠፍኩ፤ በዚህ መጠን አንዷ ዘለላ ገመድ ታክላለች፣ ስለዚህ ነቀልኩት። ከዚያ በግሪን ስታፍ ከአናቱ ጀምሬ ወደ ታች ወረድኩ፤ እያንዳንዱ አዲስ ረድፍ የቀደመውን እየጨፈለቀ አስቸገረኝ። መላው የመጣልኝ በልጅነቴ ጎጆ ሲከደን ያየሁትን ሳስታውስ ነው። ሣር የሚከደነው ከታች ከጠርዙ ተጀምሮ ወደ ጉልላቱ እየተደራረበ ነው። ጋማም እንደዚያው ነው፤ የትከሻው ረድፍ መጀመሪያ፣ የግንባሩ መጨረሻ።

አሠራሩን ለሚፈልግ፦ የግሪን ስታፉን ቢጫና ሰማያዊ ክፍል እኩል ቆርጦ እንደ ሊጥ ማሸት ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ተጣብቀው በሪባን የሚሸጡ ከሆነ መሃል ላይ የተነካኩበት መስመር ቀድሞ ደርቋልና ያንን ቆርጣችሁ ጣሉት፤ አለዚያ ሥራችሁ ውስጥ ጠጠር ይሆናል። ቢጫው ሲበዛ ይለሰልሳል፣ ይጣበቃል። ሰማያዊው ሲበዛ ይጠነክራል፣ ስለትም ይይዛል። ለጋማ ቢጫውን ጥቂት አበዛለሁ፤ ለጋሻና ለጎራዴ ሰማያዊውን። ካሸሁት በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል አሳርፈዋለሁ፤ ወዲያው ሲነካ መርፌው ላይ ይሳባል። ከዚያ እንደ ክር አንከባልዬ፣ ጫፉን አሹዬ፣ አንድ በአንድ ለጥፌ በመርፌ እሰነጥቀዋለሁ። መርፌዋን ውሃ ወይም ትንሽ ቫዝሊን ያስነኳታል። በአንድ ማታ አንድ ረድፍ ብቻ እሠራለሁ፤ የታችኛው ሳይደርቅ ሌላ አልደርብም። ቫዝሊን የነካው ነገር ቀለም ከማየቱ በፊት በሳሙና መታጠብ አለበት።

አሁን ስለ ፊታቸው። ብዙ መመሪያ አይቻለሁ፤ አብዛኛው ጥቁር ሰውን አንድ ቀለም አድርጎ ነው የሚያስተምረው። ጠቆር ያለ ቡናማ ቀባ፣ በፈዘዝ ያለ ቡናማ አድምቅ፣ በቃ ይላል። የሚወጣው እንጨት ነው እንጂ ሰው አይደለም። እኛ ደግሞ ቀለሙ ቋንቋችን ውስጥ ተሰድሮ ተቀምጦልናል፦ ቀይ፣ ቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር። እናቴ የማላውቀውን ሰው ስትነግረኝ ከቁመቱ በፊት የምትጠራው ይህንኑ ነው። አምስቱን ፈረሰኞች በእነዚህ ስሞች ለየኋቸው፣ ለእያንዳንዱም የራሱን ቅይጥ አዘጋጀሁ።

የጠይሙ መሠረት ራይኖክስ ሃይድና ሞርንፋንግ ብራውን የሚባሉት ቀለሞች እኩል በእኩል ነው። ብርሃን የሚያርፍበት ላይ ሞርንፋንግ ብቻውን፣ ከዚያ ስክራግ ብራውን፣ አፍንጫና ጉንጭ ላይ ጠብታ ካዲያን ፍሌሽቶን። ነጭ ቀለም አላስገባም፤ ነጭ ቡናማን አመዳም ያደርገዋል። የሚያደምቀው ብርቱካናማና ኦከር ነው። ጥላውም ጥቁር አይደለም፤ ሐምራዊና ጥቁር ሰማያዊ በውሃ እጅግ ቀጥኖ ከጉንጭ ሥር፣ ከአገጭ ሥርና ከዓይን ጉድጓድ ይገባል። ለቀይ ዳማው ከሞርንፋንግ ተነስቼ ካዲያኑን አበዛሁለት። ለጥቁሩ ራይኖክስ ሃይድ ላይ ትንሽ ሰማያዊ ጠብ አደረግሁና የሚያበሩትን ቦታዎች ጥቂትና ስል አደረግኋቸው፤ ጥቁር ቆዳ የሰማዩን ብርሃን መልሶ ያበራል፣ ስለዚህ ግንባሩና የአፍንጫው ጫፍ ላይ ቀዝቀዝ ያለ ግራጫ ሰማያዊ ነጥብ ይቀበላል። የመዳፍን ውስጥ አትርሱ፣ ፈካ ይላል። የዓይን ነጭም የዝሆን ጥርስ ቀለም ይሁን፤ ንጹሕ ነጭ ከሆነ ሰውየው የደነገጠ ይመስላል።

ሸማው እንዲህ ተሠራ። ግሪን ስታፉን ቫዝሊን በተቀቡ ሁለት ላስቲኮች መካከል አድርጌ በጠርሙስ ዳመጥኩት፤ ትንሽ ሲይዝ እንደ ጨርቅ ትከሻቸው ላይ ጥዬ እጥፋቱን በብሩሽ ጀርባ አወረድኩ። ነጭ ቀለም ነጭ ሸማ አይሰጥም። መሠረቱ ሞቅ ያለ ግራጫ ነው፣ በላዩ የአጥንት ቀለም፣ ንጹሑ ነጭ የእጥፋቱ ጫፍ ላይ ብቻ። ቅጥነቱ ከእርጎ የቀጠነ ከአጓት የወፈረ ይሁን፤ አምስት ስድስት ጊዜ መደረብ አለበት። ለጥለቱ ቀዩን መስመር ወፈር አድርጌ ከሳልኩ በኋላ ነጩን ከሁለቱ ጎን መልሼ እየገፋሁ አቀጠንኩት። በብሩሽ በአንድ ጊዜ ያንን ያህል ቀጭን መስመር ለመሳብ ከመታገል ይህ ይሻላል። ጥለቱ እንዲታይ ብዬ አንገታቸው ዙሪያ አድርጌዋለሁ።

ጥያቄዬ ስለ አለቃው ነው። አምስቱም ጎፈር አላቸው፤ እሱን ከሌሎቹ ምን ይለየው? ለምድ ልደርብለት አስቤያለሁ።

ከጉለሌ (አዲስ አበባ)፣ ቅዳሜ ማታ 4:02

ወንድሜ እጅህ ይባረክ። የቀይ ዳማውን ፊት አጉልቼ አየሁት፤ አጎቴን ቁጭ።

እኔም እዚሁ አዲስ አበባ ሆኜ ሁለት ዓመት ሞክሬያለሁ። ሳጥኑ ሰው ሲመጣ ነው የሚደርሰኝ፤ ያለኝን በቁጠባ ነው የምቆርጠው። ያለንን ልንገራችሁ፣ ምናልባት እንደ እኔ ያለ አንባቢ ይጠቀማል። ግሪን ስታፍ ባይኖረኝም የቧንቧ መድፈኛ ባለ ሁለት ክፍል ኢፖክሲ ከሕንጻ መሣሪያ ሱቅ ይገኛል። ቶሎ ይደርቃል፣ ጥሩ ስለትም አይይዝም፤ ለቋጥኝ፣ ለጋሻ ጉብታና ለኮርቻ ግን ይበቃል። ቤዝ፣ ማለትም ምስሉ የሚቆምበትን መቆሚያ፣ የማደርገው ቆርኪ ገልብጬ ነው። አፈሩ የቡና አተላ ነው። አተላው በደንብ ካልደረቀ ግን ይሻግታል፤ ፀሐይ ላይ ሁለት ቀን ካደረቅሁት በኋላ ምጣድ ላይ ትንሽ አሞቀዋለሁ፣ በእንጨት ኮላ እለጥፈዋለሁ፣ ከላይ በውሃ የቀጠነ ኮላ ደግሞ አጠጣዋለሁ። ቡና ከሚጠጣበት ቤት አተላ አይጠፋም።

የምጠይቅህ ስለ ፕራይመር፣ ከቀለሙ በፊት ስለሚቀባው መሠረት ነው። ባለፈው ሐምሌ በጣሳ የሚረጭ የመኪና ፕራይመር በረንዳ ላይ ረጭቼ ስምንት ሰው ተበላሽቶብኛል። ላያቸው እንደ አሸዋ ወረቀት ሻከረ። ከላይ ቀለም ብደርብም ፊታቸው ጠፋ። ምንድን ነው ያጠፋሁት?

ዓይነ ቀለም (ሃይፋ)፣ ቅዳሜ ማታ 4:40

ከጉለሌ፣ በሐምሌ አይረጭም። አየሩ እርጥበት ሲበዛበት የሚረጨው ቀለም ሻካራ ሆኖ ያርፋል። ከሩቅ ሲረጩትም ጠብታው መንገድ ላይ ደርቆ እንደ ዱቄት ይወድቃል። ከ20 እስከ 30 ሴንቲሜትር ርቀት፣ አጭር አጭር ምት፣ ዝናብ በሌለበት ረፋድ ላይ። እኛም ባሕሩ ዳር ስለሆንን በበጋ ያው ችግር አለብን። እኔ ጣሳውን ከተውኩት ቆይቻለሁ፤ በብሩሽ የሚቀባ ፕራይመር በትንሽ ጠርሙስ ይሸጣል፣ እሱን ሁለት ጊዜ በስሱ እቀባለሁ። ለአንተ ደግሞ ሌላም ጥቅም አለው፦ የሚረጭ የቀለም ጣሳ በሻንጣ በአውሮፕላን አይጫንም፣ በውሃ የሚሠራው አክሪሊክ ግን ይጫናል።

ስምንቱን አትጣላቸው። ፕላስቲክ ከሆኑ በአይሶፕሮፒል አልኮል ነክረህ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ብትፈገፍጋቸው ብዙው ይለቃል። የመኪና ፕራይመር ግን አክሪሊክ ካልሆነ ሊያስቸግር ይችላልና አስቀድመህ አንዱን ብቻ ሞክር። አሴቶን እንዳታስነካቸው፤ ፕላስቲኩን ያቀልጠዋል።

ባለብሩሽ፣ ስለ ቆዳው በአንድ ነገር አልስማማህም። ፎቶህ ላይ ሁሉንም ከጥቁር ፕራይመር እንደጀመርክ ይታያል። ለጥቁሩና ለጠይሙ ይሁን። ለቀይና ለቀይ ዳማው ግን ጥቁሩ ከሥር ቀለሙን እየበላ ስለሚያፈዝዘው ስንት ጊዜ ደርበህ እንዳደመቅከው ገምቻለሁ። ከቀይ ቡናማ ተነስ። ቀይ ሰው ቆዳው ሥር ደሙ ይታያል፤ ያንን ሙቀት ከላይ ከማምጣት ከሥር ማስቀመጥ ይሻላል።

ባለብሩሽ (ኖቲንግሃም)፣ ቅዳሜ ማታ 5:15

ገምተህ አልሳትክም፤ ቀይ ዳማው ዘጠኝ ድርብ ወስዷል። ለአለቃው ከቀይ ቡናማ እጀምራለሁ። ከንፈሩ ላይስ ምን ታደርጋለህ? እኔ ሐምራዊ ቡናማ አድርጌ ታችኛውን ብቻ ትንሽ ሮዝ ጨምሬለታለሁ።

ዓይነ ቀለም (ሃይፋ)፣ ቅዳሜ ማታ 5:22

ልክ ነው። የላይኛው በጥላ ይቅር፤ ታችኛው ላይ አንዲት መስመር ትበቃለች።

ሽበቱ (ሲልቨር ስፕሪንግ)፣ እሑድ ጠዋት 2:30

እንደምን አደራችሁ ልጆቼ። እኔ ብሩሽ አልይዝም። የልጅ ልጄ የሚጫወተው ይህን ስለሆነ እሱ ያሳየኛል፤ የእናንተንም ፎቶ ያሳየኝ እሱ ነው። ፈረሰኞቹን ሳይ ደስ አለኝ፤ ግን ሁለት ሦስት ነገር ልበል።

አንደኛ፣ ጥለቱ። አንገት ዙሪያ ማድረግህ እንዲታይ ብለህ ነው፤ ገብቶኛል። ግን ጥለት ወደ ላይ ወደ አንገት ሲወጣ የሐዘን አለባበስ ነው። ሠራዊትህ ለቅሶ የሚሄድ ይመስላል። ወደ ታች ይውረድ፣ ከፈረሱ ጎን ይታይ።

ሁለተኛ፣ ጎፈር። ልጅ ሳለሁ ሚያዝያ 27 አባት አርበኞች ጎፈር ደፍተው፣ ለምድ ደርበው፣ ጋሻና ጦር ይዘው ሲያልፉ መንገድ ዳር ቆሜ አይቻለሁ። ያ ልብስ የክብር ነው። ጀግንነት ያስመሰከረ፣ ማዕረግ ያለው ሰው ይለብሰዋል እንጂ በሙሉ ጭፍራ አይታደልም። አንተ አለቃው በምን ይለይ ብለህ ጠይቀሃል፤ መልሱ እዚያው ነው። ጎፈሩን ለእሱ ተውለት። ሌሎቹ ጎፈሬ ያበጥሩ፣ ሻሽ ይሰሩ።

ሦስተኛ፣ ሦስተኛው ፈረሰኛህ ጎራዴውን በግራ ጎኑ ታጥቋል። የእኛ ሰው ጎራዴና ሾተል የሚታጠቀው በቀኝ ነው፤ ግራ እጁ ጋሻ ይይዛልና።

እግሩን በአውራ ጣት እርካብ ውስጥ ማስገባትህ ግን አባቴን አስታወሰኝ። ተባረክ።

ቀዩ ዘንዶ (ሚዩኒክ)፣ እሑድ ከቀኑ 6:05

ጋሼ አክብሮቴ ይድረስዎ። ስለ ጥለቱ ያሉት ትልቅ ትምህርት ነው፣ እኔም አላውቅም ነበር። ስለ ጎፈሩ ግን ለባለብሩሽ ልከራከርለት። ይህ የታሪክ ሠራዊት አይደለም፤ ምናብ ነው። ፈረሰኞቹ የሚዋጉት ኦርክ ከሚባሉ ጭራቆችና ከሙታን ጭፍራ ጋር ነው። ሁሉም አንበሳ ገዳይ የሆኑበት የምናብ አገር ቢኖር ምን አለበት? አምስት ጋማ በአንድነት ጠረጴዛው ላይ ሲጋልብ ያየው ሰው አይረሳውም። ሁለት ወር የለፋበትንስ እንዴት ይንቀለው?

ሽበቱ (ሲልቨር ስፕሪንግ)፣ እሑድ ከቀኑ 8:48

ምናብ ይሁን፤ አልከለክልም። ነገር ግን ምናቡን ከእኛ ልብስ የወሰደው ልብሱ ትርጉም ስላለው ነው። ትርጉሙ ከወጣ የቀረው ፀጉር ነው። የልጅ ልጄ ሲነግረኝ በዚህ ጨዋታ ባላጋራ ከጠረጴዛው ማዶ ሆኖ አለቃውን ለይቶ ማወቅ አለበት። ድሮም ጎፈር ለዚሁ ነበር፤ በጦር ሜዳ ሰው አለቃውን ከሩቅ ያየዋል።

ባለብሩሽ (ኖቲንግሃም)፣ እሑድ ማታ 2:20

ጋሼ፣ አመሰግናለሁ። ቀኑን ሙሉ ሳስብበት ዋልኩ። ዘንዶ፣ ያልከው እውነት ነው፣ አምስቱ አንድ ላይ ሲታዩ ያምራሉ። ግን ጋሼ የጠቀሱትን ካነበብኩ በኋላ ፎቶውን ደግሜ ሳየው የማየው አምስት አንድ ዓይነት ሰው ነው። ፊታቸውን ለመለየት ያን ያህል ደክሜ ፀጉራቸውን አንድ አደረግሁት።

ስለዚህ ከአራቱ ላይ ጎፈሩ ይነሳል። ጎፈሬ ለመሥራት ደግሞ በጣም ቀላል ሆኖ አገኘሁት፦ ግሪን ስታፉን አድበልብሎ ራሱ ላይ መጫን፣ ቅርጹን ማስያዝ፣ ከዚያ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ቀጥ አድርጎ ደጋግሞ መጠቅጠቅ ነው። የብሩሹ ጭራ የሚተወው ነጥብ ልክ የተበጠረ ፀጉር ይመስላል። ዛሬ አንዱን ሞክሬያለሁ፣ ሃያ ደቂቃ አልፈጀም። ሲቀባ ጥቁር አታድርጉት፤ ጥቁር ቡናማ መሠረት፣ ጫፉ ላይ በደረቅ ብሩሽ ትንሽ ቀላ ያለ ቡናማ፣ ፀሐይ የነካው ይመስላል። ሁለቱ ጎፈሬ፣ ሁለቱ ሻሽ ይሆናሉ። ጎራዴውንም በቀኝ አዞራለሁ።

እናት ከስቶክሆልም፣ ሰኞ ጠዋት 4:15

ሰላም። ውይይታችሁን ያገኘሁት ልጄ ስለዚህ ነገር ሲጠይቀኝ ፈልጌ ነው። 11 ዓመቱ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ከጓደኞቹ ጋር ጀምሯል። እኔ መጀመሪያ አሻንጉሊት ነው ብዬ ነበር፤ አሁን ሦስት ሰዓት ሳይነሳ ተቀምጦ ሲቀባ ሳየው ደስ ይለኛል። የሚያሳስበኝ ቀለሙና ሙጫው ነው። ብሩሹን አፉ ውስጥ አስገብቶ ያሾለዋል። ከአንድ ሰው ደግሞ የድሮ የብረት ምስሎች በርካሽ ገዝቶ መጥቷል። የጓደኛው አባት ቤት ደግሞ ምስሎቹን ራሱ ከፈሳሽ ሬዚን አትሞ የሚያወጣ ማሽን አለ፤ ፈሳሹን ሲነካ አየሁት። የትኛው ነው አደገኛ?

ዓይነ ቀለም (ሃይፋ)፣ ሰኞ ከቀኑ 7:30

እህቴ፣ በደንብ ጠይቀሻል። ከሦስቱ አጥብቀሽ የምትከለክይው ፈሳሹን ሬዚን ነው። ሳይጠነክር ቆዳ ሲነካ አለርጂ ያመጣል፤ አንዴ የጀመረው ሰው በትንሹም ይነሳበታል። አዋቂ በናይትራይል ጓንት፣ መስኮት ከፍቶ ነው የሚሠራው፤ ልጅ መንካት ያለበት ታጥቦ በብርሃን ጠንክሮ ያለቀውን ብቻ ነው። የጠነከረውን ሬዚን ሲሞርድ ደግሞ ውሃ ውስጥ ነክሮ ይሞርደው፣ ማስክም ያድርግ፤ ብናኙ ለሳንባ አይሆንም።

የድሮዎቹ የብረት ምስሎች እርሳስ ሊኖርባቸው ይችላል። ይቀባቸው፣ ግን እንዳይሞርዳቸው፤ ከነካቸው በኋላም ከመብላቱ በፊት እጁን ይታጠብ። ሲቀቡና ቫርኒሽ ሲደረግባቸው ይሸፈናሉ።

ብሩሹን ከአፉ አውጪበት። በውሃ የሚሠራ ቀለም ቢሆንም አንዳንዱ ቀለም ካድሚየም ወይም ኮባልት አለው፤ በጣሳው ላይ ያልተጻፈም ብዙ ነው። ለማሾል የእጅ መዳፍ ወይም እርጥብ ጨርቅ ይበቃል።

ቀዩ ዘንዶ (ሚዩኒክ)፣ ሰኞ ከቀኑ 9:00

ሙጫውን ልጨምር። የፕላስቲክ ማጣበቂያው ፕላስቲኩን አቅልጦ ነው የሚያዋህደው፤ ስለዚህ ሽታው ኃይለኛ ነው፣ መስኮት ይከፈት። ለብረትና ለሬዚን ግን አይሠራም፤ እዚያ ሱፐር ግሉ ነው። ጣቱ ቢጣበቅ እንዳይጎትተው፣ ሞቅ ባለ ሳሙና ውሃ ይንከረው። ምላጩን ደግሞ ሁልጊዜ ከራሱ አርቆ ይቁረጥ። እኔ አንድ ጊዜ ወደ ራሴ ስቤ አውራ ጣቴን ሦስት ጥልፍ ተሰፍቻለሁ።

ባለክታብ (ሚኒያፖሊስ)፣ ሰኞ ማታ 4:50

ስለ ምናብ ከተነሳ እኔ የምሠራው የወደፊቱን ዓለም ነው፤ የዋርሃመር 40,000 ስፔስ ማሪን፣ ከባድ ትጥቅ የለበሱ የጠፈር ወታደሮች። ትጥቃቸው ላይ በቀይ ሰም የታተመ ረጅም ብራና ይንጠለጠልባቸዋል፣ መሐላ የተጻፈበት። መጀመሪያ ያየሁት ቀን ክታብ ነው ብዬ ነበር ያሰብኩት። ከዚያ ወዲህ ሁሉንም እንደ ክታብ ነው የምቀባው።

የብራናው መሠረት የአጥንት ቀለም ነው፣ ጠርዙ ላይ ቡናማ ዎሽ (በጣም የቀጠነ የጥላ ቀለም) በስሱ። የመጀመሪያውን መስመር በቀይ፣ የቀረውን በጥቁር እጽፋለሁ፤ በብራና መጽሐፎቻችን የመግቢያው መስመር በቀይ እንደሚጻፈው። ብሩሽ ትቼ 005 የሚባለውን የማይክሮን ብዕር ነው የምጠቀመው፣ መስመሩ 0.20 ሚሊሜትር ነው።

ፊደል ሲጻፍ ሁሉም አይሆንም። በዚህ መጠን ጨ፣ ጠ፣ ኘ እና ሿ ይደፈናሉ። ለ፣ በ፣ ተ፣ ነ እና ሀ ጥርት ብለው ይታያሉ፤ የግዕዝ መሆናቸውም ይለያል። ከሁሉም የሚጠቅመው ግን ሁለት ነጥቡ ነው። በየቃሉ መሃል ፡ ስታስገቡ ፊደሉ ባይነበብ እንኳ ዓይን የእኛ ጽሑፍ መሆኑን ያውቃል። ጋሻ ላይ ሰፋ ያለ ቦታ ካለ አንድ ቃል በትልቁ እጽፋለሁ።

ከጉለሌ፣ ታንክ አለህ? አንተ የምትለውን የእቃ እጥረት ሳነብ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ዋርሃመር 40,000 በ1987 እ.ኤ.አ. ሲጀመር ተሽከርካሪ ገዝቶ ማሰለፍ እንደዛሬው ቀላል አልነበረም። በዚያ ዘመን የጨዋታው መጽሔት ራሱ ከዲዮድራንት መያዣ የሚበር ታንክ እንዴት እንደሚሠራ ለአንባቢ አስተምሯል። ፎቶው ዛሬም ይዞራል። ጨዋታው የተጀመረው እንደዚያ ነው።

ከጉለሌ (አዲስ አበባ)፣ ማክሰኞ ማታ 2:05

ያንን ፎቶ ፈልጌ አየሁት፤ ዛሬ ሥራ ውዬ ስመለስ የእህቴን ባዶ ዲዮድራንት ይዤ ተቀምጫለሁ። ሁለቱ ግማሾች ተጋጥመው ጥሩ ቀፎ ይወጣቸዋል። ማማው የመድኃኒት ጠርሙስ ክዳን ነው፣ መድፉ የብዕር ቀፎ፣ የብሎን ራስ የሚመስለው ደግሞ ስቴኪኒ በኮላ ነክሬ ያንጠባጠብኩት ነጠብጣብ ነው፤ ሲደርቅ ክብ ሆኖ ይቀራል። ስለ ፕራይመሩ ዓይነ ቀለም እግዜር ይስጥህ፤ ከስምንቱ አንዱን አልኮል ውስጥ ከትቼ አጽድቼዋለሁ፣ ፊቱ ተመልሷል።

በበጋ ሌላ ችግር አለብኝ። ከጥቅምት በኋላ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ቀለሙ ሳህኑ ላይ እንዳለ ይደርቃል።

ባለብሩሽ (ኖቲንግሃም)፣ ማክሰኞ ማታ 3:30

እርጥብ ሳህን ሥራ። የምግብ ፕላስቲክ መያዣ ውስጥ ስፖንጅ አንጥፈህ ውሃ አጠጣው፣ በላዩ የኬክ መጋገሪያ ወረቀት አድርግ፣ ቀለሙን ወረቀቱ ላይ አኑር። ውሃው ከሥር እያራሰው ለሰዓታት አይደርቅም፤ ክዳኑን ከዘጋህበት ለነገም ይቆይሃል። መጋገሪያው ወረቀት ሰም የተቀባው እንዳይሆን፤ ሰም ያለው ውሃ አያሳልፍም።

አለቃውንም ጨርሻለሁ፣ አዲስ ፎቶ አለ። ከቀይ ቡናማ ጀምሬ ቀይ ፊቱ በአራት ድርብ ወጣ። ጎፈሩ የእሱ ብቻ ነው። ለምዱን ጥቁር ሐምራዊ አድርጌ ጫፉን በዘርፍ በዘርፍ ቆረጥኩት፣ ጥልፉን በወርቃማ ነጥብ አወጣሁት። ጋሻው ላይ ያሉት ብርማ ጉብታዎች የእስፒል ራሶች ናቸው፤ ቆርጬ ለጠፍኳቸው። የአምስቱም ጥለት ወደ ታች ወርዶ ከፈረሱ ጎን ይታያል።

ሽበቱ (ሲልቨር ስፕሪንግ)፣ ረቡዕ ጠዋት 1:50

አየሁት። አሁን ማን አለቃ እንደሆነ መጠየቅ አያስፈልግም። ሻሹ የታሰረበት ልጅ ፊቱ ጠይም ነው፣ ጨዋ ይመስላል። የልጅ ልጄ ከእነዚህ አንዱን ልሥራ ብሎ ፒስቶሊየሩን ሳጥን አስገዝቶኛል፤ ባዶ እግሩን እንዴት እንደምትቀርጽ ደረጃ በደረጃ ፎቶ ብታነሳለት።

ባለብሩሽ (ኖቲንግሃም)፣ ረቡዕ ማታ 2:40

እሺ ጋሼ፣ ቅዳሜ ሌላ እግር ስለምቀርጽ እያንዳንዱን ደረጃ አነሳለታለሁ። አንድ ነገር ብቻ አስቀድሞ ይወቅ፦ አውራ ጣቱን ከሌሎቹ ጣቶች ለይቶ አስቀድሞ ቀለበቷ ውስጥ ያስገባ፣ ቀሪውን እግር ከዚያ በኋላ ይቀርጽ። እኔ በተቃራኒው አድርጌ ሁለት እግር አበላሽቻለሁ።

ከጉለሌ፣ የአጎቴ ልጅ በጥቅምት ለእረፍት ወደ አዲስ ይመጣል። አንድ ሪባን ግሪን ስታፍ፣ አንድ ጠርሙስ ግራጫ ፕራይመርና ከአራቱ ላይ የነቀልኳቸውን ጎፈሮች እሰጠዋለሁ። ጎፈሮቹ ከሥር ውስጣቸው ባዶ ነው፤ ከማንኛውም የ28 ሚሊሜትር ምስል ራስ ላይ ይገጥማሉ። ስልክህን በውስጥ መስመር ላክልኝ።